የፈተናው ቀን ጫት

ወርቅአገኘሁ ውሃ በሚያመላልስ መኪና ላይ ተቀጥሮ በውሃ ጥም ከመሞት ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው። ነገሩ የሆነው በ1983 ዓ.ም.፣ ጅጅጋ የነበረው ጦር በተበተነ ሰሞን ነው። ሃምሳ አለቃ የነበረው አባቱ "መጣሁ" ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። ልጁ ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ ወደ ሐርተሼክ የስደተኞች ሰፈር ውሃ በሚያደርስ ቦቴ ላይ ረዳት ሆኖ ገባ።

አንድ ቀን ቦቴው ውሃውን አራግፎ ሲመለስ ሜዳ መሀል ተበላሸ። ሹፌሩ፣ "ጎማ እንዳይፈቱብን ጠብቅ፤ መካኒክ ይዤ እመጣለሁ" ብሎ ባገኘው መኪና ሄደ። ዋለ፣ አደረ፣ አልመጣም። ወርቅአገኘሁ የቦቴውን ቧንቧ ቢጠባ የቀመሰው ዝገት ብቻ ሆነ። በማግስቱ ፀሐይዋ ስትበረታ መኪናው ሥር ገብቶ ተጋደመ፤ ዓይኑም መፍዘዝ ጀመረ።

እዚያ ያገኘው ግመል የሚነዳ ኢሴ የሚባል እኩያው ነበር። በዚያ ሜዳ ሁለት ሰው ሲገናኝ ከየት መጣህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ጎሳህ ማነው ሳይባባል ወደ ሌላ ጉዳይ አይገባም። በዚያ ሰሞን ደግሞ "የወታደር ልጅ ነኝ" ማለት ለማንም አያዋጣም ነበር። ኢሴ ግን ጎንበስ ብሎ አየውና የግመል ወተት የያዘውን ዕቃ አፉ ላይ ደቀነለት። "ጠጣ" አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ወዳጅነት አልተቋረጠም። በኋላ ድርቅ ግመሎቹን ሲጨርስበት ኢሴም ጅጅጋ ገባ። ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ አንድ የመብራት መሥመር የሚዘረጋ ድርጅት የቀን ሠራተኛ ሲፈልግ አብረው ተቀጠሩ፤ አንዱ በዶማ ሲቆፍር ሌላው አፈሩን እያወጣ እስከ አውበሬ ድረስ የምሰሶ ጉድጓድ ቆፈሩ። የሰው ቤት ሲበራ የወርቅአገኘሁ ቤት ግን ገና በኩራዝ ነበር። ሚስቱ ንጋቷ፣ "ያ የቦቴው ዕድልህ ነው የሚከተልህ" ትለዋለች።

ቁፋሮው ሊያልቅ ሲል ማስታወቂያ ተለጠፈ። የቀን ሠራተኞች የአፕቲትዩድ ፈተና ይወስዳሉ፤ ያለፈ በረዳት የመሥመር ሠራተኛነት በቋሚነት ይቀጠራል፤ የወደቀ ይሰናበታል። ምሰሶ የሚተክል ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ቅርጽ ክብ ይሁን ሦስት ማዕዘን ማወቁ ለምሰሶው ምን እንደሚጠቅመው ማስታወቂያው አልገለጸም።

በከተማችን ግን ለሁሉም ነገር መላ አለ። ሮብሌ የሚባል ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት፣ በየቦታው ተፈትኖ በመውደቁ የፈተናን ጠባይ ከማንም በላይ አውቃለሁ እያለ ማጠናከሪያ ትምህርት ከፈተ። ትምህርቱ የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው። ከአወዳይ ጫት የጫነው መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲገባ፣ ተማሪው ሁሉ ጫቱን ይዞ ፍራሽ ላይ ጋደም ይላል።

"ሁለት ባቡሮች ከአንድ ጣቢያ ይነሳሉ" ብሎ ጀመረ ሮብሌ በመጀመሪያው ቀን።

"ወሪያ! ባቡር የት አይተን እናውቃለን?" አለ ኢሴ።

"እሺ፣ ሁለት የጫት መኪኖች ይሁኑ። አንዱ ቀድሞ ከአወዳይ ተነሳ። ሌላው ዘግይቶ ተነሳ፣ ግን ይፈጥናል። ጅጅጋ ማን ቀድሞ ይገባል?"

"ሹፌሩ ማነው?" አለ ወርቅአገኘሁ።

"ሹፌሩ ጥያቄው ውስጥ የለም!"

"እንዴት አይኖርም? ራሱን ችሎ የሚሄድ መኪና ነው? ጉሌድ ከሆነ ማንንም ቀድሞ ይገባል።"

"ፍተሻ ላይ ካልያዙት" አለ ኢሴ።

ያን ቀን የዋለው ትምህርት ይኸው ነበር። ምርቃናው ሲመጣ ግን የማይፈታ ጥያቄ ጠፋ። ጉድጓድ ቆፋሪ ሁሉ መሐንዲስ ሆነ፤ አንዳንዱም የአገሩን የመብራት ችግር ፈትቶ ለጎረቤት አገር ማሰብ ጀመረ። ጠዋት ላይ ንጋቷ፣ "እስቲ ትናንት የተማርከውን ንገረኝ" ስትለው፣ ወርቅአገኘሁ የሚያስታውሰው ጉሌድን ብቻ ነበር።

"የመብራት ሠራተኛ ለመሆን ቅጠል መብላት ግድ ነው እንዴ?" አለችው።

"አንቺ ደግሞ! ጭንቅላት የሚከፈተው ከሰዓት ነው።"

"ፈተናው ጠዋት ነው ተብሎ የለ?"

ይህ ጥያቄ ትምህርት ቤቱን በሙሉ አሸበረ። ሮብሌ ጉዳዩን መረመረና ጉድለቱ ከዕውቀቱ ሳይሆን ከሰዓቱ መሆኑን ደረሰበት። ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ነጠላና ሽርጥ ለብሰው ወደ ድርጅቱ ተላኩ፤ "የአካባቢውን ባህል በማክበር ፈተናው ከሰዓት ይሁንልን" አሉ። ድርጅቱ አሻፈረኝ አለ።

ሽማግሌ ያልቻለውን መብራት ቻለው። በፈተናው ዕለት ጠዋት መብራት ጠፋና የፈተናው ወረቀት ሳይባዛ ቀረ። ከድሬዳዋ የመጣው ፈታኝ በኀፍረት፣ "ወደ ከሰዓት ተላልፏል" ሲል ግቢው በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ምስኪኑ ሰውዬ እንዲህ ፈተና የሚወድ ሕዝብ አይቶ አያውቅም ነበር።

የጫት መኪናው እንደገባ ሁሉም ገዝቶ ግቢው አጥር ሥር ተቀመጠ። ወርቅአገኘሁ ጫቱን ድንጋይ ላይ አኑሮ እጁን ሊታጠብ ዞር አለ። ሲመለስ አንዲት ፍየል የመጨረሻውን ቀንበጥ እያላመጠች በእርጋታ ታየዋለች። ጫት ቤቱ ሁሉ ሸጦ ጨርሷል።

"ፈተናዬን በላችው!" አለ ወርቅአገኘሁ፣ ራሱን ይዞ።

ኢሴ የራሱን የጫት እስር ለሁለት ከፈለው። "ወላል፣ ወንድሜ፣ እንካ ግማሹን።"

ወርቅአገኘሁ እጁን ዘረጋና መለሰው። ያለ ጫት እንደሚወድቅ አልተጠራጠረም፤ በግማሽ ጫት ደግሞ ሁለቱም ሊወድቁ ነው።

"አልወስድም። አንተ እለፍበት። ወተቱ ይበቃኛል።"

"የምን ወተት?"

"ተወው። ቃም፣ ሰዓቱ ደረሰ።"

አዳራሽ ውስጥ ወርቅአገኘሁ ተስፋ የቆረጠ ሰው እንደሚሠራ ሠራ። ራሱን ያመዋል፣ ያዛጋል፣ ለቅርጾቹ ምንም ፍቅር የለውም። ቶሎ ጨርሶ ለመውጣት ሲል አንዱን ጥያቄ እንደ ነገሩ መልሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የባቡሮቹ ጥያቄ ሲመጣም ሹፌሩን ሳይጠይቅ መለሰ። ኢሴ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ተቀምጧል። ክቡ ወደ ሦስት ማዕዘን የተለወጠበት ምክንያት እጅግ ጥልቅ ሆኖ ታይቶታል።

"ለምን አትመልስም?" አለው ፈታኙ።

"እያሰብኩበት ነው" አለ ኢሴ፣ በፈገግታ። ወረቀቱ ሲሰበሰብም እያሰበበት ነበር። በርጫ ላይ የተማረውም ይህንኑ ማሰብ ብቻ ነበር።

ስም ሲለጠፍ ከሮብሌ ተማሪዎች ወርቅአገኘሁ ብቻ አለፈ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ የኢሴን ስም ደጋግሞ ፈለገ። ኢሴ ግን ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ሳቀበት።

"ጥፋቱ ያንተ ነው! ግማሹን ብትወስድልኝ ኖሮ ግማሹን ጥያቄ እመልስ ነበር።"

ሮብሌ ወዲያው የወርቅአገኘሁን ፎቶግራፍ በሩ ላይ ሰቀለና ተማሪው በረከተለት። ወርቅአገኘሁ ቤት መብራት ገባ። ከዚያም ደሞዙን አጠራቅሞ የምትታለብ ግመል ለኢሴ ገዛለት፤ ንጋቷም አልከለከለችው፤ "እሱ ባይኖር ባል አላገኝም ነበር" አለች። ኢሴ ሀርሺን ወረዳ ተመልሶ ግመሉን ያረባል፤ ጅጅጋ ሲመጣ ማደሪያው እነሱ ቤት ነው።

ዛሬም አዲስ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ወጣቶች ወርቅአገኘሁ ዘንድ ይመጣሉ። ምን አንብበህ ነው ያለፍከው፣ ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው ይሉታል። መጀመሪያ የፍየሏን ነገር ነግሮ ያስቃቸዋል። ሳቁ ሲያልቅ እንዲህ ይላቸዋል፦

"ፈተናው እንጀራ ሰጥቶኛል፣ አልክድም። ግን ሐርተሼክ ሜዳ ላይ ኢሴ የማን ልጅ ነህ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። አልጠየቀኝም። ጠጣ ነው ያለኝ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።"