አሻሮው፣ ስልኩና የየሺ እግር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ፊሽካ ተሰጠኝ እንጂ ሜዳ አልተሰጠኝም። የመሐል ሜዳ ከተማ ኳስ ሜዳ ጠዋት በኳስ ተጫዋቾች፣ ከሰዓት በኋላ በበግ ይያዛል። የስፖርት ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ፊሽካውን፣ አንድ ስቶፕ ዎችና አራት ኮን አስፈርመው አስረከቡኝና፣ "ሜዳውን አንቺው ፈልጊ፤ ዋናው ሰው መምጣቱ ነው" አሉኝ።

ሥራዬ ጀማሪ ሯጮችን ማሠልጠን ነው። ታዳጊዎቹን የሚያሠለጥን ሌላ ባለሙያ አለ። የኔዎቹ ጤና ጣቢያ "ተንቀሳቀሱ" ያላቸው፣ ቢሮ ወንበር ላይ የከረሙ፣ ወልደው ወገባቸው የያዛቸው ሰዎች ናቸው። እነሱን ከዜሮ አንስቶ አምስት ኪሎ ሜትር ሳይቆሙ እንዲሮጡ ማድረግ ነበር የተባልኩት።

በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ሰባት ሰው መጣ። ሁለቱ በቆዳ ጫማ፣ አንዷ ነጠላ እንዳጣፋች፣ ቄስ ገበየሁ ደግሞ ጋቢያቸውን እንደደረቡ። እኔ ቤት ያሳደርኩት ሊጥ ነበረብኝና ቶሎ ለመጨረስ ፊሽካዬን ነፋሁ። ሁሉም በአንዴ ተፈተለኩ። ሁለት መቶ ሜትር ሳይሞላቸው ወገባቸውን ይዘው ቆመው ይስሉ ጀመር። በሚቀጥለው ቀን የመጡት ሦስት ናቸው። የሌሎቹ እግር ከአልጋ አላወርድ ብሏል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል እኔን ነው። አራቱን ከየቤታቸው ለምኜ ነው የመለስኩት።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን አጥብቄ ያዝኩ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሩጫ። ጡንቻ ማሳሳብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ጡንቻው ሞቆ ሳለ ነው። በመንዝ ብርድ የተቀመጠ ጡንቻ እንደ ደረቅ ጠፍር ነው፤ ሳያርሱት ቢስቡት ይበጠሳል። ስናሳስብ ማርገብገብ የለም፤ እስከ ሠላሳ ቆጥሮ ረግቶ መቆየት ነው። ሲስብ ቆዩ፣ ሲወጋ ተዉ። ሌላ ሰው እግራችሁን ይዞ የሚገፋላችሁ ከሆነ ደግሞ አዛዡ ተገፊው ነው። "በቃ" ሲል ገፊው ወዲያው ይለቃል።

ቄስ ገበየሁ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ "ልጄ፣ እኔ በቀን የምሰግደው አይበቃም?" አሉኝ።

"ስግደቱ ለነፍስዎ ነው አባቴ። የስኳርዎን ነገር ግን ሐኪሙ ለኔ ነው የሰጠኝ" አልኳቸው።

ሳቁ። ጉልበታቸውን ሳያጥፉ ጣታቸውን መሬት ሲያስነኩ ግን ሳቁ ወደ እኛ ዞረ። ከስምንታችን ያንን የቻሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ራሴ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው የቀረሁት።

የኔን አመል መናገር አለብኝ። አንድ ነገር ብቻ መሥራት አልችልም። ባለቤቴ ሥራው ሩቅ ነው፣ በወር አንዴ ይመጣል። ቤቱ፣ ሁለቱ ልጆች፣ አማቴ፣ ሜዳው፣ ሪፖርቱ ሁሉም እኔ ላይ ናቸው። ቁጭ ስል ቆሞ የሚጠብቀኝ ሥራ ይታየኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ፣ አንዱን ለምን እንደተነሳሁ አላስታውስም።

ሴቶቹ "ቲቸር፣ ሩጫውንስ እንሩጥ፣ ማሳሳቢያ ጊዜ ከየት ይመጣል?" ሲሉኝ የቤቴን ዘዴ አስተማርኳቸው። ወጡ እስኪንተከተክ ግድግዳ ገፍተሽ፣ ተረከዝሽን መሬት ላይ ተክለሽ ባትሽን አሳስቢ። ዕቃ ስታጥቢ በአንድ እግር ቁሚ፣ ቁርጭምጭሚት ይጠነክራል። ልብስ ስታሰጪ ገመዱን ከፍ አድርገሽ እሰሪ፣ ጎንሽ ይሳባል። ሠራላቸው። አንዷ ወተት አስገንፍላ ባሏ ተቆጣ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰም።

አቶ ደምሴም ሰሙና፣ "ይህንን ጽፈሽ አባዢው" አሉ። አንድ ገጽ ሆኖ በቢሮውና በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ተለጠፈ። በዚያ ወረቀት ኮራሁ። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አየው ነበር።

ቄስ ገበየሁ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡትና፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አሉ።

"እርስዎ ወጥ ሠርተው ስለማያውቁ ነው አባቴ" ብዬ አለፍኩ።

የሺ የመጣችው በዚያን ሰሞን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ከባሏ ተለያይታ የአራት ዓመት ልጇን መቅደስን ይዛ ከገጠር ገብታ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ጓሳ የሚባለውን ጥብቅ የሣር ምድር የሚጠብቁ ሠራተኞች ሊቀጠሩ ነው፣ ሴቶችም ይመዘገባሉ የሚል ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ፈተናው ስድስት ኪሎ ሜትር በተወሰነ ሰዓት መጨረስ ነው። ሁለት ወር ቀርቶታል።

"ይህ ካልሆነ ደብረ ብርሃን ወርጄ የሕንፃ ሥራ የቀን ሠራተኛ ልሆን ነው" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። "እዚያ ልጅ ይዘሽ አትመጪም ብለውኛል። መቅደስን እናቴ ጋ ገጠር መተው ነው። ቲቸር፣ እሷን ላለመተው ነው የምሮጠው።"

በኮንጎ ጫማ ነበር የመጣችው። ስፖርት ጫማ ከእህቴ ልጅ ተዋስኩላት። ከጀማሪዎቼ ሁሉ እንደሷ ያለ አላየሁም። ልጇን አዝላ ከሠፈሯ ሜዳው ድረስ ትመጣለች፣ መቅደስን ከቄስ ገበየሁ ጋቢ ሥር ታስቀምጥና ትሮጣለች። ትንፋሿ ሰፊ ነው። ችግሯ የጭኗ የኋላ ጡንቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስለምታጥብ ድርቅ ብሏል፣ እርምጃዋን ያሳጥርባታል። እሱን ካላላሁላት ሰዓቱን እንደማትደርስ በስቶፕ ዎቼ አውቄዋለሁ።

ስለዚህ ለብቻዋ በሳምንት ሁለት ቀን አሳስብላት ጀመር። እግሯ በየሳምንቱ ከፍ እያለ መጣ። ሰዓቷም ለፈተናው ከተወሰነው ውስጥ ገባ። ፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደምታልፍ አላጠራጠረኝም።

የዚያን ቅዳሜ የማርያም ማኅበር ተራ ደርሶኝ ጠላ ልጠምቅ ነበር። ጓዳ ምጣድ ላይ ለጠላው የሚሆን ገብስ፣ አሻሮ፣ እየቆላሁ ነው። ግቢ ውስጥ ብቅል በጆንያ ላይ አስጥቻለሁ። የሺን ሜዳ ወርጄ ላገኛት አልቻልኩም፣ "ቤት ነይ፣ እዚሁ አሳስብልሻለሁ" አልኳት። ሮጣ ሞቃ መጣች። "አንዴ ጠብቂኝ" ብዬ አሻሮዬን ሳማስል ግማሽ ሰዓት ያህል ደጅ ብርድ ላይ ተቀመጠች። ላቧ ደረቀ። እንደገና ሶምሶማ ላስረግጣት ይገባ ነበር። አላስረገጥኳትም።

አጎዛ አነጠፍኩና በጀርባዋ አስተኛኋት። ተንበርክኬ ተረከዟን ቀኝ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፣ በእጄ ጉልበቷን ያዝኩ። አሥር እንደቆጠርኩ ስልኬ ጮኸ። አማቴ ናቸው፣ ከሚኖሩበት ከዘመሮ ከተማ። ስልኩን በግራ ጆሮዬና በግራ ትከሻዬ መካከል ሰካሁት።

"ጌሾውን ስንት አደረግሽው?" አሉ።

"እንዳምናው ነው እማማ።"

"አምና እኮ መሮ ነበር። ቀንሺ ብዬሽ አልነበር?"

"እቀንሳለሁ እማማ።"

ስንት እንደደረስኩ ጠፋኝ። ከጓዳ የአሻሮው ሽታ ጠንከር አለ። ይኼኔ የጎረቤት በግ በአጥሩ ሾልካ ገብታ ወደ ብቅሉ አመራች። "ሂጅ!" ብዬ በነፃ እጄ ነጠላ ጫማዬን አወለቅሁና ለመወርወር ወደ ፊት ተንጠራራሁ። የየሺ እግር ትከሻዬ ላይ እንዳለ ነው። ሙሉ ክብደቴ ሄደበት። ከእጄ ሥር የሆነች ነገር ፍንጥር ስትል ተሰማኝ። ተሰምቶኛል፣ አልዋሽም። ዓይኔ ግን በጓ ላይ ነበር።

የሺ ምንም አላለችም። ፊቷን አላየሁትም።

አሻሮው አላረረም። በጓ ብቅሉን ሳትነካ ተባረረች። አማቴ መልሳቸውን አገኙ። የሺም "እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር" ብላ ተነሳች፣ ሁልጊዜ የምታዝላትን መቅደስን በእጇ ይዛ ቀስ እያለች ወጣች። ለምን እንዳላዘለቻት አልጠየቅሁም። አራት ሥራ በአንዴ ሠራሁ ብዬ የዚያን ቀን በራሴ ተደስቼ ነበር።

ሰኞ ሜዳ አልመጣችም። ማክሰኞም ስትቀር ቤቷ ሄድኩ። ጎኗን አስደግፋ ተቀምጣ በሳፋ ልብስ ታጥባለች። ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጭኗ ከኋላ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ድረስ በልዞ ጠቁሯል።

"ቅዳሜ ነው?" አልኳት።

"ቅዳሜ ነው።"

"ታዲያ ለምን በቃ አላልሽኝም? በቃ በሉ እያልኩ አይደለም እንዴ የማስተምረው!" ጮህኩባት። የምጮኸው በራሴ ላይ እንደሆነ እሷም ገብቷታል።

አንገቷን ደፋች። "አማትዎን እያነጋገሩ ነበር እኮ። ትልቅ ሰው እያነጋገሩ እንዴት ብዬ ላቋርጥ? ደግሞም ለኔ ብለው ነው ሥራዎን ጥለው የያዙኝ።"

ሥራዬን አልጣልኩም ነበር። አንዱንም አልጣልኩም። ልብሱን ከፊቷ ወስጄ አጠብኩላት፣ ሌላ የምሠራው ነገር አልታየኝም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጡንቻው በከፊል ተበጥሷል፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ዕረፍት ያስፈልጋታል አሉ። ለፈተናው የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

በማግስቱ አቶ ደምሴ ቢሮ ገብቼ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ማን አይቷል?" አሉ።

"ማንም።"

"ታዲያ ምነው ራስሽን ታስከስሻለሽ?"

"ቀኑን እንዲያዘዋውሩላት ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ጥፋቱ የአሠልጣኟ ነው ብለው ይጻፉ።"

ጻፉልኝ፣ ማኅተምም አደረጉበት። ደብዳቤውን እኔው ወሰድኩት። የቀጣሪዎቹ ተወካይ ክፉ ሰው አልነበረም። "እመቤቴ፣ ፈተናው ለሁሉም አንድ ቀን ነው። ለሷ ብናዘዋውር ነገ የታመመው ሁሉ ይሰለፋል" አለኝ። ልከራከረው አልቻልኩም፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የምለው።

ለአማቴም በስልክ ነገርኳቸው። "እኔ እኮ ለጌሾ ነው የደወልኩት" አሉ።

በፈተናው ቀን የሺ መጣች። እንዳትሮጥ ለመንኳት። "ብቀር እኮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ወደቅሁ ማለት ነው። ሮጬ ልውደቅ" አለች። ጭኗን በፋሻ ጠቅልዬ አሰርኩላት። ሦስት ጊዜ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ከሴቶቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ስቶፕ ዎቼን እያየሁ፣ እግዚአብሔር ለኔ ብሎ ሊያሳልፋት ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛው ላይ እርምጃዋ አጠረ፣ ቀጥሎ አነከሰች፣ ከዚያ እግሯን ትጎትት ጀመር። አላቋረጠችም። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ፣ ኮኖቹ ከተነሱ በኋላ፣ በእርምጃ ጨረሰች። መቅደስ እናቷ ስለደረሰች አጨበጨበች። ከዚያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበችው እሷ ብቻ ነበረች።

እግሯ ከዳነ በኋላ የሺ ደብረ ብርሃን ወረደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፣ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት፣ "ቲቸር፣ ገበያ ቀን እናቴ ይዛት ስትመጣ መቅደስን ይዩልኝ" አለችኝ።

አያታለሁ። ሰባት ዓመት ሞላት፣ ትምህርት ጀምራለች። እናቷ ለፋሲካና ለገና ትመጣለች። ልጅቷ ስታየኝ ሮጣ ትመጣለች፣ እኔ ግን ዓይኗን ለማየት አሁንም ይከብደኛል።

ቤቴ ውስጥ ዛሬም ወጥ እያማሰልኩ ባቴን አሳስባለሁ። እሱ የራሴ ባት ነው፣ ቢያመኝ አውቀዋለሁ። የሰው እግር ስይዝ ግን ስልኬን አጥፍቼ ሌላ ክፍል አስቀምጣለሁ፣ የምጣዱን እሳት አጠፋለሁ። ሰውየውንም ደጅ አላስጠብቅም። አዲስ አሠልጣኞች ወደ ወረዳችን ሲመደቡ ማሳሳብ የማስተምራቸው እኔ ነኝ፣ ብዙውን ከመጽሐፍ ያውቁታል። የምጨምርላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እግሩን ስትገፉ ፊቱን እዩ። ዝም ስላለ ደህና ነው አትበሉ፤ እዚህ አገር ሰው እያመመውም ዝም ይላል።