የኑግ ዘይት የጠጣች ሞተር

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ደብረ ታቦር

ይህ ጉዞ የተጀመረው በረንዳዬ ላይ ነው። በረንዳዬ ጧት ጧት የቤት በረንዳ ነው፤ ከሥራ መልስ ግን ጋራዥ ይሆናል። መካኒኩ እኔ ነኝ። በሙያዬ የሳይንስ መምህር ስሆን፣ ሁለት ብረቶች ሲፋተጉ ምን እንደሚሆኑና ለምን ቅባት እንደሚያስፈልጋቸው ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳስረዳ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሞተር ሳይክሉን ለሌላ መካኒክ ቢሰጥ ያሳፍራል። ባለቤቴ አስናቀች ግን ማፈር ምንም እንደማይጎዳኝ ደጋግማ ነግራኛለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ እንደልማዴ ሞተሬን ፈታኋት። ካንዴላዋን ጠረግኩ፣ ሰንሰለቷን አጠበቅኩ፣ አሮጌውን ዘይት ደፍቼ በአዲስ ተካሁት። ገጣጥሜ ስጨርስ ሁለት ቡሎንና አንድ ዳዶ ተረፉ። ሁልጊዜም ይተርፋል። ፋብሪካው ቡሎን ያበዛል የሚል የቆየ እምነት አለኝ።

የምሄደው ከአዲስ ዘመን አለፍ ብሎ፣ ጣራ ገዳም ግርጌ ወዳለች መንደር ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ወርቁ ሴት ልጅ ወልዶ ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና እናቷ አስናቀች ናት። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ ድግሱም የጾም ነው፤ የጾም ድግስ ደግሞ ያለ ዘይት አይታሰብም። ስለዚህ አስናቀች በሰፈራችን መጭመቂያ ያስጨመቅነውን የኑግ ዘይት በቢጫ ጀሪካን ይዛ ትናንት ጧት በሚኒባስ ቀደመችኝ። ጀሪካኑን ከበረንዳው ጥግ አንስቼ፣ ተሸክሜ፣ መኪናው ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ለሚስቴ አሳቢ ነኝ።

ሞተሯ በአራተኛው ርግጫ ተነሣች። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበራቸው ብቅ አሉ።

«ዛሬስ ደኅና አድርገህ ሠራሃት?»

«እንደ አዲስ ናት፣ እትዬ።»

አየሩን ማግ ማግ አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ። «በዚህ ጧት መጥበሻ የጣደ ማነው እናንተዬ? ያውም በጾም!»

እኔም ሸተተኝ። ሰፈሬን ታዝቤ ወጣሁ።

1 ሰዓት፤ ከከተማው መውጫ

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ባጃጆቹ ገና ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጩ ነው፤ አህዮች ድንች ጭነው ወደ ገበያ ይገባሉ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ ክምር ቆሟል። ከከተማችን ጀርባ ያለችው ጋፋት ንጉሡ መድፍ ያሠሩባት መንደር ናት፤ ዛሬ እርሻና የእግር መንገድ ብቻ ቀርቷታል። በዚያ በኩል ባየሁ ቁጥር የብረት ሥራ በደማችን ያለ ይመስለኛል። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ የግራ መስታወቴ ተነቅሎ ቦይ ውስጥ ገባ። አንዱ ቡሎን የት ይገባ እንደነበር አሁን ገባኝ።

መስታወቱን አንስቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ቀጠልኩ። የመጥበሻው ሽታ ግን ከከተማ ብወጣም አልለቀቀኝም። አኩፋዳቸውን አንግተው በዳር የሚሄዱ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ሳልፋቸው አንገታቸው አብሮኝ ዞረ። የገጠሩም ሰው ጾም ትቷል ማለት ነው ብዬ አዘንኩ።

አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዱላቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። አያ ታደገ ይባላሉ፤ ወረታ ልጃቸው ዘንድ እየሄዱ ነው።

«ትጭነኛለህ መምህር?»

«ይውጡ አያ። ይህቺን ጀሪካን ብቻ ይያዙልኝ።»

ጀሪካኗ ትናንት ለሞተሯ ከቀዳሁት የተረፈው ዘይት ናት። ሞተሬ ዘይት ስለምትወድ ለመንገድ ስንቅ ይዤላት ነበር። በምን አውቀው ነው መምህር ያሉኝ ስላቸው «ይኼን ያህል መጽሐፍ ኪስህ ውስጥ ሳይ» አሉኝ። መጽሐፍ ሳይሆን መስታወቱ ነው ለማለት አፈርኩ።

1 ሰዓት ከ45፤ ዓለም በር

ከማርሚታዋ ነጭ ጭስ መውጣት ጀመረ። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ባለቤቷ ምሳ ለማን ይዘህ ነው ብላ ቀለደች፤ ሳቅኩላት። የሞተሯን ክዳን ከፍቼ ከጀሪካኑ ልጨምር ስል አያ ታደገ እጄን ያዙኝ።

«ምንድነው የምታጠጣት?»

«ዘይት ነው አያ። የሞተር ዘይት።»

«እስቲ ወዲህ በለው።»

ጣታቸውን ነክረው በሁለት ጣት አሹት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ወደ ፀሐይም አዩት።

«ጾም ባይሆን ቀምሼ እምልልህ ነበር። ኑግ ነው።»

«አይደለም አያ።»

«ኑግ ስዘራ ያረጀሁ ሰውዬ ነኝ እኮ። ያውም ደኅና ታምሶ የተጨመቀ ነው። እንዲህ ያለውን ለሞተር አጠጣኸው? ምነው ልጄ!»

ክው አልኩ። በረንዳዬ ጥግ ላይ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ነበሩ። የሞተሩን ዘይት ቆጣቢ ነኝ ብዬ ከበርሜል በልኬት አስቀድቼ ባዶ የምግብ ዘይት ጀሪካን ውስጥ አመጣሁት። የኑጉም ጀሪካን ያው ነው። መልካቸው አንድ፣ ክዳናቸው አንድ፤ የመጭመቂያው ኑግ ደግሞ ጠቆር ስለሚል ዘይቶቹም ይመሳሰላሉ። ምልክት ማድረግ ለማያውቅ ሰው ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አያ ታደገ ጥቂት አሰቡ። «የሚበላው እዚህ ካለ፣ የማይበላው የት ሄደ?»

የማይበላው ጣራ ገዳም ግርጌ፣ ድግስ ቤት ውስጥ ነው። ምናልባትም በዚህች ደቂቃ ሽንኩርት እየጠበቀው ነው። ቄሶቹ፣ ዲያቆናቱ፣ የደብሩ ሰው ሁሉ፣ አራስ እናትም ጭምር ከዚያ ወጥ ሊበሉ ነው። አስናቀች ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ወርቁ ጋ ደወልኩ፤ አይገኝም። ስንት ዓመት ሲጾም የኖረውን የቤተ ክርስቲያን ሕዝብ እኔ በአንድ ቀን ልጨርሰው ነው። ቀልድ አይደለም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«ንዳት» አሉኝ አያ ታደገ ጀሪካኑን አቅፈው እየወጡ። «እኔ በጸሎት እይዝሃለሁ።»

2 ሰዓት ተኩል፤ ወረታ

የዓለም ሳጋን ደን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ዛፉን አላየሁም፤ ፍሬን የነካሁትም አይመስለኝም። ከኋላዬ አያ ታደገ አቡነ ዘበሰማያትን ስንት ጊዜ እንደጨረሱና እንደገና እንደጀመሩ ብቻ ነው የማስታውሰው። ወረታ ሲደርሱ ወርደው መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ጀሪካኑን ራሳቸው በገመድ ኋላ ላይ አሰሩልኝ።

መንገድ ዳር ያለ አንድ መካኒክ ጭሱን አይቶ እጁን እየጠረገ መጣ። አንድ ጊዜ ዞራት።

«ማነው የሠራት?»

«አንድ… የማውቀው ሰው ነው።»

«ሁለተኛ እንዳትሰጠው። ይህን ዘይት አሁኑኑ እናፍስሰው፤ ግማሽ ሰዓት ነው።»

ግማሽ ሰዓት ለሽንኩርት ብዙ ነው። አመስግኜው ተነሣሁ። ለአሥራ አንድ ዓመት የማስተምረውን ትምህርት እያወቅኩ፣ ቅባት የሌላቸውን ብረቶች ወደፊት ነዳኋቸው።

3 ሰዓት፤ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን

ሩዙ ታጭዶ ሜዳው በነዶ ተሞልቷል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሞተሯ ግን ዳገት የምትወጣ ይመስል አቃሰተች፤ ቀጥላ ጋለች፤ ቀጥላ ዝም አለች። ብረግጣት አትነሣም። ካንዴላዋን ልንካ ስል ጣቴን ተቃጠልኩ።

የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ለመንኩ። ሚኒባሶቹ ሞልተዋል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ፍጥነት ቀነስ አድርጎ «ምን ሆንክ?» አለኝ፤ «ሰው የሞተር ዘይት ሊበላ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። የባሰ ፈጠነ። ሞተሯን ጥዬ ጀሪካኔን ብቻ ይዤ በእግሬ ልሂድ አልኩ፤ ሃያ እርምጃ ሄጄ ተመለስኩና መግፋት ጀመርኩ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል አልፏል፤ ድስቱ ተጥዷል፤ እኔ ደግሞ እየገፋሁ ነው።

ከፊት ለፊቴ ከአዲስ ዘመን በኩል አንዲት ባጃጅ በኃይል መጣች። አለፈችኝና ጎማዋ እስኪጮህ ድረስ ቆመች። አስናቀች ወረደች። ጥበብ ቀሚሷን ለብሳለች፤ በአንድ እጇ ነጠላዋን፣ በሌላው ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። አየችኝ። ከእግር እስከ ራስ አየችኝ።

«አለህ?»

«ወጡን!» አልኳት። «ወጡን እንዳትነኩት!»

«ምን ወጥ? ደኅና ነህ ወይ?»

«ዘይቱ የሞተር ነው አስናቀች!»

«እሱን ከአንተ ነው የምሰማው? ክዳኑን ስንከፍተው ጋራዥ ጋራዥ ሸተተን። አንድ ጭልፋ እንኳ ሳናፈስ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን…» ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ያኛውን እሱ ሞተሩ ውስጥ ጨምሮታል አልኩ። ያን ቁልቁለት በዚያ ዘይት ሊወርደው ነው፣ ሞተሯ መሐል ላይ ድርቅ ብላ ትቆምና ትጥለዋለች አልኩ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፣ ስልኬ ሞቷል። ምን ላድርግ?»

ባጃጅ ኮንትራት ይዛ መጣች። ክርስትናው አምስት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለች። በሰዓቱ ካልተመለሰች ልጅቷን ሌላ ሴት እንደምትቀበላት ታውቃለች፤ ይህን ቀን ደግሞ ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። እኔ መንገዱን ሙሉ ለደብሩ ሰው ስፈራ እሷ ለእኔ ስትፈራ ነበር። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

«በባጃጁ ተመለሽ። ኑጉን ይዘሽ ሂጂ፤ ይደርስልሻል» አልኳት።

«አንተስ?»

«እገፋታለሁ።»

«አንተን እዚህ ጥዬ?» ወደ ባጃጁ ሹፌር ዘወር አለች። «ወንድሜ፣ ይህን ኑግ ይዘህ ወርቁ ቤት አድርስልኝ። ሴቶቹ እየጠበቁ ነው። መፍቻ ካለህ ደግሞ ተውልን።»

ሹፌሩ መፍቻውን ሰጣት፤ ለእሷ እንጂ ለእኔ አልዘረጋም። ኑጉን ጭኖ ተመለሰ። እኔ ላጎነብስ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ዛሬ አንተ አትነካትም። የቱን እንደምፈታ ብቻ ንገረኝ።»

ጥበብ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከች። ነገርኳት፣ ፈታችው። የተቃጠለው ኑግ ቦዩ ውስጥ እየጨሰ ወረደ። ቡሎኗን መልሳ አጠበቀች፣ የሞተሩን ዘይት በተጠቀለለ ካርቶን አንቆረቆረች፣ ክዳኑን ዘጋች። እጇ እስከ አንጓዋ ጠቆረ። ተነሥታ መሬቱን ቃኘች፤ አንድም የተረፈ ቡሎን የለም። ከዚያ እኔን አየችኝ።

ሞተሯ ቀዝቅዛ ስለነበር በሁለተኛው ርግጫ ተነሣች። የረገጣትም እሷ ናት።

4 ሰዓት ከ50፤ ጣራ ገዳም ግርጌ

አዲስ ዘመንን አልፈን፣ ወደ ደኑ የሚወስደውን ጥርጊያ ይዘን ስንደርስ የወርቁ ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል። የወርቁ ባለቤት ሕፃኗን ታቅፋ ልታለቅስ ደርሳለች። አስናቀች ሞተሯ ሳትቆም ዘለለች። አንዲት ሴት በጣሳ ውኃ አፈሰሰችላት፣ ሌላዋ ሳሙና አቀበለቻት፣ ሦስተኛዋ በአሸዋ አሸቻት። ዘይቱ ግን ከጥፍሯ ሥር አልለቀቀም።

«ኑጉ ደረሰ?» አልኩት ወርቁን።

«ደርሶ ወጡ ላይ ገብቷል። ባጃጁ ታሪክህንም ይዞ ነው የመጣው፤ ቄሱም ሳይቀሩ ሰምተዋል» አለና ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ።

ገባን። ወንዶቹ ዳር ቆምን። መምሬ ካሴ ሸምገል ያሉ፣ ዓይናቸው የማይስቅ ቄስ ናቸው። ሕፃኗን አጥምቀው ሲጨርሱ የክርስትና እናቷን ጠሩ።

«እኔ ነኝ አባ» አለች አስናቀች፤ እጆቿን ዘረጋች።

መምሬ እጆቿን አዩ። የጠቆሩትን ጥፍሮቿን አንድ በአንድ አዩ። ይመልሷታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ሕፃኗን አስታቀፏት። ልጅቷ ጮኸች፤ አስናቀች ወደ ደረቷ ጠጋ ስታደርጋት ዝም አለች። አስናቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ከአጠገቤ ያለው ሰው ከዕጣኑ ጭስ ነው ብሎ አዘነልኝ።

ከዚያ መምሬ ቅዱሱን ዘይት፣ ሜሮኑን ሊቀቡ ትንሿን ብልቃጥ ከጨርቋ ውስጥ አወጡ። ክዳኗን ከፈቱ። ለመቀባት እጃቸውን አንሥተው ሳለ ቆም አሉ፤ ብልቃጧን ቀስ ብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ። ቀና ብለው ከወንዶቹ መሐል እኔን ፈልገው አገኙኝ። ራሳቸውን ነቀነቁና ልጅቷን ቀቧት።