ወደ ዳንግላ የወሰድነው የሞተር ኮምፒውተር

ከጋሼ አንለይ ጋር ከእንጅባራ የተነሣነው ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገለጥ ነው። ሰው የሚያመላልሱበት ሚኒባሳቸው አልነሣ ካለ ሰንብቷል። የሞተሩን ኮምፒውተር ፈትቼ በፎጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ዳንግላ ሰብለ የምትባል የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ አለች፤ አፈታተሹን ከእሷ ተምሬ ከእንግዲህ በራሴ ልሠራ ነው። ጋራዥ ከፍቶ «ኮምፒውተር አልነካም» ማለት ደስ አይልም። ለጋሼ አንለይ ደግሞ መኪናው ካልተነሣ የቤታቸው እንጀራ ቆመ ማለት ነው።

መኪናው የቆመ ዕለት፣ ጋራዤ በር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሞተሩን በውሃ አጥበው አቃጠሉት» ብያቸው ነበር። እሳቸውም እውነት መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

አዲስ ቅዳም

የተሳፈርንበት ሚኒባስ አዲስ ቅዳም ከተማ መግቢያ ላይ ከሰል ሊጭን ቆመ። መንገዱ ዳር ጆንያ ተደርድሯል፤ ከጀርባው ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ነው። ረዳቱ ጆንያውን ጣሪያው ላይ ወዳለው ፖርቶመጋላ ሲያወጣ ጋሼ አንለይ ቀና ብለው አዩና የእኔ ብየዳ እንደሚጠነክር ነገሩኝ። የእሳቸውን ፖርቶመጋላ የበየድኩት መኪናው በቆመ ዋዜማ ነው። ምስጋናውን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ዳንግላ

ከመናኸሪያው እስከ ሰብለ ሱቅ በጋሪ ሄድን። ኮምፒውተሩን ከፍታ ከባትሪ ኃይል ሰጠችውና ቴስተሩን አስያዘችኝ። አምስት ቮልት መውጣት ያለበት ቦታ ላይ ምንም የለም። እየተከተልኩ ሄጄ የተቃጠለችውን ትንሽ ዕቃ በራሴ እጅ አገኘኋት። ኮራሁና ውሃ ገብቶበት መሆኑን ነገርኳት።

ውሃ አረንጓዴ ዝገት እንደሚያወጣ፣ ይህ ግን ደረቅ እንደሆነ አሳየችኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ፣ በቅርቡ መኪናውን ብየዳ ነክቶታል? የመኪናው ባትሪ ሳይነቀል ሲበየድ እንዲህ ይሆናል።»

ፊቴ ጋለ። ባትሪውን አልነቀልኩም። ጋሼ አንለይ ያን ዕለት አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ነበር። አሁንም አዩኝ።

«የለም ልጄ፣ ብየዳ አልነካውም» አሏት።

በእኛ አገር የሰውን ገመና ባዕድ ፊት መግለጥ ነውር ነው። እኔ በአደባባይ ያዋረድኳቸው ሰው ገመናዬን ሸፈኑልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ።

ዝም ልል ነበር። ሰብለ ግን ኮምፒውተሩን ገፋ አደረገችው። ብየዳ ካልሆነ ምክንያቱ ያለው መኪናው ላይ ነው፣ ብትጠግነውም ተመልሶ ይቃጠላል፤ መኪናው ተጎትቶ ካልመጣ እንደማትነካው ተናገረች።

«እኔ በይጄዋለሁ» አልኩ። «ባትሪውን አልነቀልኩም።»

ጋሼ አንለይ ወደ ውጭ ዞረው ጋሪዎቹን ማየት ጀመሩ። ሰብለ አዲሱን ዕቃ በስታኞ እንዳጣብቅ ሰጠችኝ። አንዴ አበላሽቼ ደገምኩ።

ምሳ ሽሮ በላን። ልክፈል ብል ጋሼ አንለይ «ተው ልጄ» ብለው ከፈሉ።

እንጅባራ

ማምሻውን ኮምፒውተሩን መልሼ ገጠምኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ሰው ከበበንና ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀ።

«ያው ውሃው…» ብለው ጀመሩ ጋሼ አንለይ።

አላስጨረስኳቸውም። ባትሪውን ሳልነቅል በይጄ ያቃጠልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እሳቸውን የወቀስኩት በሐሰት እንደሆነ ተናገርኩ። ኮምፒውተር መፈተሽ ተምሬ መጥቻለሁ፤ ሳይፈትሹ ሰው ላይ መፍረድ ምን እንደሚያደርግም አይቻለሁ።

ማንም አልሳቀም። በቅርቡ በሩን የበየድኩለት የሌላ ሚኒባስ ሹፌር ግን ጠጋ ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ።

«የእኔን ስትበይድስ ባትሪውን ነቅለህ ነበር?»

አልነቀልኩም ነበር።