የጓደኛዬ ቅል

ቅናት ነበር። ለስለስ ያለ ሌላ ስም ፈልጌለት አጣሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ጻፍኩት።

በዚያ ክረምት እዚህ አምቦ፣ ሰፈራችን አጠገብ ባለችው ትንሽ የባህል ሙዚየም፣ ለሴት ልጆች የቅል ስልጠና ተከፈተ። እኔና ከአጥራችን ጀርባ የምትኖረው ጓደኛዬ አብረን ተመዘገብን። እያንዳንዳችን በሙዚየሙ አትክልት ቦታ፣ በሽቦው አጥር ሥር፣ የየራሳችንን ፍሬ ቀበርን። ቅሉ ሲደርስ ውስጡ ተፍቆ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ የወተት ዕቃ ይሆናል። ከሁሉም የተሻለው ደግሞ ሙዚየሙ ውስጥ፣ ከጥንቶቹ ዕቃዎች ጎን ይሰቀላል ተባለ። ያ የተሻለው የኔ እንዲሆን ፈለግኩ። በጣም ፈለግኩ።

ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አረሜን እነቅላለሁ። እሷ ሲያሻት ትመጣለች፣ አጥሩን ተደግፋ ታወራኛለች፣ ትሄዳለች። የማን ቅል አማረ? የእሷ። ሆዱ ሞላ ያለ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ሙሽራ የመሰለ። የኔ ባንድ ጎኑ ጎበጠ።

"ያንቺ ምን ነካው?" አለችኝ።

"እያደገ ነው።"

"ወዴት?"

የሚያሰለጥኑን ከጉደር በኩል የሚመጡ እናት ነበሩ፤ ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን። ለጋ ቅል በጣት ከተጠቆመ ይረግፋል፣ ማሳየት ከፈለጋችሁ በአገጫችሁ አሳዩ ይሉናል። እኔ ሳይንስ የምወድ ልጅ ነኝ፣ አላምንም። ግን የእሷ ቅል ፊት ብቻዬን ስቆም እጄን ሹራቤ ኪስ ውስጥ እከተው ነበር። እዚያ ውስጥ ጣቴ ራሱን ሲያቀና ይሰማኛል። ጨብጬ እይዘዋለሁ። አዴ አንድ ቀን እንዲህ ቆሜ አገኙኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በረደሽ እንዴ?"

"አዎ" አልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

በጋው ሲገባ ቅሎቹ ደርቀው ተቆረጡ፣ ተፋቁ፣ ውሃ ተሞላባቸው። የኔ ከሥሩ አፈሰሰ። የእሷ ጠብ አላለም። አዴ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉትና "ይሄ ነው" አሉ። ጓደኛዬ ዘላ አቀፈችኝ። ማቀፏ ራሱ አናደደኝ።

የሙዚየሙ አስጎብኚ ከቅሉ ሥር የሚለጠፍ ማብራሪያ ጻፊ ስትላት ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። "እኔ መጻፍ ይሰለቸኛል፣ እሷ ትጻፈው።"

እንዲህ ነው፤ ቅሉ የእሷ፣ ሥራው የኔ። ቤት ሄጄ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ። "ቅል ለወተት መያዣነት ያገለግላል" እያልኩ እንደ ቅሉ ደረቅኩ። በመጨረሻ ቅናቴ ራሱ ብዕሩን ተቀበለኝ፦ "ይህን ቅል የተከለችው ልጅ አረሙን መንቀል ትረሳ ነበር። ቅሉ ግን ማደግ አልረሳም።"

ዝግጅቱ በተከፈተ ቀን ከጊንጪ ሳይቀር ሰው መጣ። ማብራሪያው የተጻፈባት ካርቶን ጋ ሲደርሱ ያነባሉ፣ ይስቃሉ። "የረሳችው ልጅ የታለች?" ይላሉ። እሷ እጇን ታወጣለች። ቀለዱባት፣ ፎቶ አነሷት፣ ከቅሉ ፊት አልንቀሳቀስ አለች። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ በራሴ ጽሑፍ ምክንያት በእሷ ቀናሁ።

ከዚያ አስተማሪ የሚመስሉ ሰውዬ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አነበቡት። "ማን ነው የጻፈው?"

"እኛ ነን" አለች ጓደኛዬ።

እኛ። ቅሉ ሲመረጥ "እኛ" አላለችም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ ሰው ዞሮ አየኝ።

"ጎበዝ" አሉኝ ሰውዬው፣ ስልካቸውን እያወጡ። ከዚያ ወደ እሷ፦ "እስቲ አንቺ ፈቀቅ በይልኝ፣ ጽሑፉን ላንሳው።"

ፈቀቅ አለች። ፊቷን አየሁት፤ ክረምቱን ሙሉ እኔ ይዤው የከረምኩት ፊት ነው። ደስ አለኝ። አላለኝም ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል?