አረንጓዴ ክር የታሰረበት ጭልፋ

ያን ዕለት ጭልፋውን ወደ ሌላኛው ድስት የነከርሁት ለእንግዶቹ አዝኜ ነበር ወይስ ለራሳችን አፍሬ? ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ሳገላብጠው ኖርሁ። አንዳንድ ጠዋት «አዝነሽ ነው፣ ልጅ ነበርሽ» ብዬ ራሴን አሳምንና ቀለል ብሎኝ ሥራ እገባለሁ፤ ሲመሽ ግን የጠዋቱ መልስ አያድርም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሮቤ ከተማ ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት የሰርግ ድንኳን ተተከለ። የባጃጁ ጡሩምባም ሆነ የድምፅ ማጉያው አልረበሸኝም፤ ጆሮዬ ለምዶታል። የረበሸኝ ሽታው ነው። አንድ ሰው እርጥብ የጽድ ግንድ ከትልቅ ድስት ሥር ማግዶ ኖሮ፣ ያ ዓይን የሚያቃጥል፣ ግን ደግሞ ልብ የሚያባባ ጭስ ከሚንተከተክ ቀይ ወጥ ጋር ተቀላቅሎ በመስኮቴ ገባ። የደረስሁበትን ገጽ ምልክት ሳላደርግበት መጽሐፉን ከደንሁት፤ እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጎባ የነበረው ሰፈራችን ከበላዩ ቤተ ክርስቲያን፣ ከበታቹ መስጊድ ነበረው፤ እኛ መካከል ላይ ነበርን። ጠዋት ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ አጥሩንም ላሙንም ሲውጠው ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በሳሉ ነበር፤ «እትዬ ዘነበች ሳሉ፣ ተነሥተዋል ማለት ነው» እንባባላለን። ሰርግ ሲደርስ ደግሞ ገና ሳምንት ሲቀረው ሳህኑና ድስቱ ከየቤቱ ይሰበሰባል። የማን የማን እንደሆነ እንዲለይ አንዷ ከሳህኗ ሥር የጥፍር ቀለም ትቀባለች፣ አንዷ በሚስማር ትጭራለች፣ አንዷ ደግሞ ምንም አታደርግና ሰርጉ ሲያልቅ የሰው ሳህን ይዛ ትሄዳለች። እናቴ በሽተኛ ስለነበረች ቤቱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፣ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በደጁ እንጂ በውስጡ አላልፍም ነበር፤ ነገር ግን ፊደል ሳልቆጥር የሰፈሩን ሳህን ሁሉ ከጀርባው አነብ ነበር። ጭቅጭቅ ሲነሣ «አስካለን ጥሯት!» ይባላል። እኔም ሳህኑን ገልብጬ አይና ፍርዴን እሰጣለሁ። ይግባኝ የለውም።

ከጓሮ ሁለት ምድጃ ይነድዳል። አንደኛው የክርስቲያን ነው፣ አንደኛው የሙስሊም። ለሙስሊም ጎረቤቶች የሚታረደው በሙስሊም እጅ፣ በቢስሚላህ ይታረዳል፤ ድስቱም ቢላዋውም ጭልፋውም ከሙስሊም ቤት ይመጣል፤ ከሌላው ጋር እንዳይነካካም እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር ይታሰርበታል። ሙስሊም ቤት ሰርግ ሲሆን ነገሩ ይገለበጥና የእኛ ሴቶች ቀይ ክር ያሰሩበትን ድስታቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ። በዚያን ጊዜ ይህን ነገር ማንም መከባበር ብሎ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ስም የወጣለት ከጠፋ በኋላ ነው።

በክርስቲያን ቤት ድግስ ሁሉ የሙስሊሙን ድስት የሚይዙት አደ ዘሀራ ነበሩ፤ «አደ» እንደ እኛ «እትዬ» ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገራቸው ሁሉ የተለካ ሴት ናቸው፤ ከቤታቸው እስከ ቤታችን አጥር ብቻ ነው የሚለየን፣ አጥሩም ቢሆን ልጃቸው ሶፊያና እኔ በምንሾልክበት በኩል ተቀዶ ቀርቷል። ከእሳቸው ድስት ሰው የሚበላው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ከዶሎ መና ይምጣ፣ ከብድሬ ይምጣ፣ ሙስሊሙ እንግዳ ድንኳኑ በር ላይ ቆም ብሎ «ድስቱን ማን ያዘ?» ይላል፤ «አደ ዘሀራ» ሲባል ጫማውን ያወልቃል። አለቀ።

የታላቅ እህቴ የአልማዝ ሰርግ ጥር ላይ ነበር። አባቴ እህል ነጋዴ ስለነበር የቆላው ደንበኛው ሁሉ ተጠርቷል። ቀኑን ሙሉ ከአደ ዘሀራ ጎን ተቀምጬ እንጨት ሳቀብል፣ ሳህን ስቀበል ዋልሁ፤ ኩራቴ አይጣል ነበር። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሰው ሳሳ፣ የሙስሊሙ ድስትም ወደ ማለቁ ሆነ። አደ ዘሀራ የአስር ሰላት ሊሰግዱ ተነሡና ያን አረንጓዴ ክር የታሰረበትን ጭልፋ እጄ ላይ አኖሩት።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ዓይንሽን ከድስቱ እንዳታነሺ። ሰው ከመጣና ካለቀ ‹አልቋል› በይ፤ ነውር የለውም። ማር አለ፣ እርጎ አለ፣ ዳቦ አለ። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሰምቼ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መስማቴ ነው። ባልሰማ ኖሮ የዛሬው ጥያቄ ባልኖረ።

አደ ዘሀራ ለስግደቱ ታጥበው ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቤታቸው እንደገቡ አባቴ በጓሮው በር ብቅ አለ፤ ጋቢው ከትከሻው ወርዷል፣ ፊቱ በደስታ ላብ አውጥቷል። «አስኩ! የብድሬ ሰዎች ደረሱ! መኪና ተበላሽቶባቸው ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ናቸው፤ በይ ቶሎ አውጪ፣ አታሳፍሪኝ!» ብሎ ተመለሰ። ወደ ድንኳኑ አጮልቄ አየሁ። አቧራ የለበሱ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው፣ እጃቸውን ወደ ላይ እንደያዙ ተቀምጠዋል። ድስቴ ውስጥ ከቁሌቱ በቀር ሁለት አጥንት ነው ያለው። የእኛ ሴቶች ሙሽራዋ ልትወጣ ነው ተብሎ እልልታው ወዳለበት ሮጠዋል፤ ምድጃው ዳር እኔ ብቻ ነኝ። ከጎኔ የክርስቲያኑ ድስት ከነሙሉ ሆዱ ይንተከተካል። መልኩ ያው፣ ሽታው ያው፣ እንፋሎቱም ከወዲያኛው ጋር ተደባልቆ ነው የሚወጣው።

«አልቋል» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር መሰለኝ። «አታሳፍሪኝ» የሚለው ግን ጆሮዬ ውስጥ ነው። ጭልፋውን ነከርሁ፤ ደግሜም ነከርሁ፤ ሳህኑን ሞልቼ ራሴ ይዤ ገባሁ። በሉ። የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ጣታቸውን እየላሱ «የዘሀራ እጅ መሆኑ ከጣዕሙ ያስታውቃል!» አሉና ቤታችንን መረቁ፣ እህቴን መረቁ፣ እኔንም ራሴን ዳብሰው መረቁኝ። መንገዱ ሩቅ ነውና ሳይቆዩ ወጥተው ሄዱ።

በጥድፊያዬ ያጠፋሁት አንድ ነገር ነበር፤ ጭልፋውን ከክርስቲያኑ ድስት ውስጥ ሳላወጣ ነው ወደ ድንኳኑ የገባሁት። ተመልሼ ሳላወጣው እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ። ሰርግ ላይ ከእትዬ ዘነበች አፍ የሚያመልጥ ቀልድ የለም።

«ኧረ ጉድ! ይቺ የዘሀራ ጭልፋ ከእኛ ድስት ውስጥ ምን ትሠራለች? ድስታችንን ልታሰልምብን ነው እንዴ?»

ጓሮው በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ሆዷን ይዛ እንጨት ላይ ተቀመጠች። አደ ዘሀራ በዚያው ቅጽበት፣ ሰላታቸውን ጨርሰው፣ ዱዓቸውንም አድርሰው ከአጥሩ ቀዳዳ በኩል ብቅ አሉ። ሳቁ ከወዲያ ጫፍ ጀምሮ እየጠፋ መጣ። ጭልፋውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«አስኩ፣ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም» ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። በቃል እንኳ አልዋሸሁም፤ በአንገቴ ነው የዋሸሁት።

አደ ዘሀራ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «እንግዲያው እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «ስነሣ የሰጠኋት መስሎኝ እዚያ ጥዬው ሄጄ ይሆናል።» እትዬ ዘነበች «ኧረ አንቺ ዘሀራ፣ ይሄ ምን አለው፣ በእኛው ድስት ነው እንጂ በእናንተ አልተነከረ» እያሉ ነገሩን ሊያለዝቡት ሞከሩ። እውነታቸውን ነበር፤ በታየው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም። አደ ዘሀራ ግን የቀረችውን ቁሌት ደፉ፣ ድስታቸውን አጠቡ፣ ጭልፋውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ገቡ። የብድሬ ሰዎች መጥተው መሄዳቸውን እንኳ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ነበርሁ የማውቀው።

ከዚያ ወዲያ የማንንም ድግስ ድስት አልያዙም። ሽማግሌ ተላከባቸው፣ አባቴ ራሱ ሄዶ ለመናቸው፤ «ዓይኔን ማመን አቅቶኛል፣ የሰው አደራ ደግሞ በማይታመን ዓይን አይያዝም» ብለው መለሱት። የእሳቸውን ቦታ ደፍራ የያዘች ሴት አልተገኘችም። እንግዳው በር ላይ ቆሞ «ድስቱን ማን ያዘ?» ሲል የሚመለስለት ስም ጠፋ። እናም ጎረቤቶቻችን በሰርጋችን መምጣታቸውን ባይተዉም፣ ብርዝ ጠጥተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ መርቀው መሄድ ጀመሩ፤ እኛም በሰርጋቸው እንደዚያው። ማንም አልተጣላም። አንድ ምድጃ ብቻ ነው የጠፋው።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን አባቴን በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ጠርተው «ይህቺን ልጅ ለምን ትቀብራታለህ? የእኔ ዓይን ደከመ፤ የእሷ ዓይን ግን ሳህን አይስትም፣ ፊደል ይስታል እንዴ?» ሲሉት ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ጡቴ አጎጥጉጦ፣ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ፣ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ተቀመጥሁ። ልጆቹ «እማማ» ይሉኝ ነበር። ፈተና ባለፍሁ ቁጥር ሮጬ የምነግረው ለአደ ዘሀራ ነው፤ በሄድሁ ቁጥርም ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልሁ ነው የምሄደው፤ እሳቸው ግን የተቆላ ገብስ በእጄ አፍሰው «ብዪ፣ የተማረ ሰው ሆዱ ቶሎ ይጎድላል» ይሉኛል። ገብሱን እየቆረጠምሁ እመለሳለሁ። አፌ ሙሉ ነበር።

አሁን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ተማሪ የታሪኩን መጽሐፍ ከጂኦግራፊው መደርደሪያ ቢሰካው እስካወጣው ድረስ ሻይ አልጠጣም። ባልደረቦቼ «የአስካለ ነገር!» ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የት እንደተማርሁት ግን አልነገርኋቸውም።

አደ ዘሀራ ሲሞቱ ለቅሶ ደረስሁ። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጬ የምንጣፉን ጠርዝ ስፈትል ዋልሁ። አልተናገርሁም፤ ለማን እናገራለሁ?

የአልማዝ ልጅ አምና ጎባ ላይ ሲዳር፣ እህቴ «እንደ ድሮው ካልሆነ አይሆንም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ልጆቿ ምግቡን አዳራሽ ውስጥ በሚያቀርቡ ሰዎች ሊያሠሩት፣ በየትሪው ላይ «የሙስሊም»፣ «የክርስቲያን» የሚል ወረቀት ሊያስለጥፉ ነበር የፈለጉት። እሷ ግን ሶፊያ ቤት ሄዳ ደጅ ጠናች። ሶፊያ «አይሆንም» ስትል ቆየችና በመጨረሻ የእናቷን ድስት ይዛ መጣች። ጭልፋው ያው ነው። ክሩ ብቻ አዲስ ነው።

ቀኑን ሙሉ ከጎኗ ተቀመጥሁ። እሷም እንደ እናቷ ነገሯ የተለካ ነው፤ ግን ትቀልዳለች፤ «የቤተ መጻሕፍት ሴት እንጨት ስትማግድ ዛሬ አየሁ፣ ወላሂ እሳቱም ፈርቷል» እያለች ሰዉን ታስቃለች። ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈችና፣ ምንም ሳታስብበት፣ ጭልፋውን ወደ እኔ ዘረጋች።

«አስኩ፣ ሰግጄ እስክመለስ ያዢልኝ።»

እጄ አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ሆንሽ? ያዢው እንጂ።»

ነገርኋት። ቆሜ፣ ድስቱ በመካከላችን ሆኖ፣ ከብድሬ ሰዎች ጀምሮ በአንገቴ እስከዋሸሁት ድረስ ያለውን ነገርኋት። ስነግራት አላለቀስሁም፤ ያን ማድረግም አልፈለግሁም፣ እንድታባብለኝ መጠየቅ ይሆንብኛልና። ሶፊያ እስክጨርስ ድረስ ጭልፋውን እንደዘረጋች ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ሰበሰበች።

«እነዚያ ሽማግሌዎች አያውቁም፤ ያላወቀን አላህ አይጠይቀውም» አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «እናቴ ግን ወጥ ስትሠራልን ትጠራኝ ነበር። ‹ሶፊያ፣ ጨው ጨምሬአለሁ?› ትለኛለች። ስትጨምር አይቻታለሁ፤ ‹ጨምረሻል እማ› እላታለሁ። ቆይታ ደግሞ ትጠይቀኛለች። ‹አንቺ እዪልኝ፣ እኔ ራሴን አላምንም› እያለች እስክትሞት።»

ሶፊያ የድስቱን ክዳን አንሥታ ገጠመችው፤ ደህና አድርጋ መግጠሟን በመዳፏ ተጭና አረጋገጠች። ጭልፋውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ በብብቷ ያዘችው። ጥቂት ሄዳ ቆመችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«እሳቱ እንዳይጠፋ» አለችኝ፣ «እሱን እንኳ ጠብቂልኝ።»

ጭልፋውን ይዛው ሄደች። እኔም ቁጭ ብዬ እሳቱን ጠበቅሁ።