ለትከሻዬ ሕክምና ስል አፌን የዘጋሁ ሰሞን

ትናንት... ትከሻዬን ለመጨረሻ ጊዜ ልለካ ሆስፒታል ሄጄ፣ ስወጣ አማት ላገኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ቆይ ከሥሩ ላውራላችሁ።

መካነ ሰላም እህል ተራ እኔን የማያውቅ የለም። የስንዴ ኩንታል እንደ ትራስ ነው የማነሳው። ድምፄማ... ከላላ ከተማ ቆሜ ብጣራ ደጎሎ ከተማ ያሉት «አቤት» ይሉኛል። ስሜን ትተው «ጥሩንባው» ነው የሚሉኝ።

ባለፈው ደጎሎ ገብስ ስንጭን ከመኪና ላይ ወደቅኩ። እንዲያውም ወደቅኩ አልልም፣ መኪናው ነው ከሥሬ የሄደው። ቀኝ እጄ ከደረቴ በላይ እምቢ አለ። ኩንታል ቀርቶ ማበጠሪያ ከበደኝ።

ሆስፒታል ዳዊት የሚባል ፊዚዮቴራፒስት ተቀበለኝ። ጥናት ላይ ነው።

«ትከሻቸውን ያመማቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት እከፍላለሁ» አለኝ። «ግማሹ ላስቲክ እየሳበ ስፖርት ይሠራል፣ ግማሹ በትኩስ ነገር ይታሻል። ከዛ የቱ እንደሚበልጥ በማስረጃ እናያለን።»

«ምን ዕጣ ያስፈልጋል? ለኔ የሚበልጠውን ስጠኛ!»

«የሚበልጠውን ባውቅማ ምን ያለፋኛል?» ብሎ ሳቀ።

ዕጣዬን አወጣሁ። የደረሰኝን ተቀበልኩ።

ከዛ ዳዊት ኮስተር አለ። «አንድ ነገር... ትከሻህን የምትለካህ ነርስ የየትኛው ቡድን እንደሆንክ ማወቅ የለባትም። ካወቀች ሳታስበው ልታዳላ ትችላለች። ትንፍሽ እንዳትል።»

ይሄ ለኔ ቀላል ነው። ዳኛው ማልያህን ካላየ ለማን ያዳላል?

«አብሽር!» አልኩት።

ነርሷ ገባች። ወይንሸት ትባላለች። ሳያት... ምነው ግራ ትከሻዬም በታመመ ብዬ ተመኘሁ።

አፌን ልከፍት ስል ትዝ አለኝ። እኔ እኮ ራሴን አውቀዋለሁ! «ደና አደርሽ» ብዬ ከጀመርኩ ዕጣውንም፣ ሕክምናውንም፣ የወደቅኩበትንም ዘርግፌው ነው የማቆመው። ስለዚህ ጭራሽ ዘጋሁት።

«ያምሃል?» ራሴን ነቀነቅኩ።

«እስቲ አንሳው።» አነሳሁ። እንደ መቀስ የምትታጠፍ ማስመሪያዋን ትከሻዬ ላይ አስጠግታ እጄ የት ድረስ እንደሚነሳ ለካች።

«ተሻለህ?» መሬት መሬት አየሁ።

እንዲህ ሆነን ከረምን። በሄድኩ ቁጥር እጄ ከፍ ይላል፣ እኔ ዝም። ውስጤ ግን ወላሂ ልፈነዳ ነበር! ተለክቼ ስወጣ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ሄጄ ብቻዬን እጮኻለሁ። አንዴማ በጩኸቴ የሰው በቅሎ ደንብራ ባለቤቱ በዱላ አባረረኝ።

ትናንት የመጨረሻው ልኬት ነበር። እጄ ጣራ ሊነካ! ወይንሸት ለክታ ስትጨርስ አንገቷን ደፋ አደረገች።

«አንድ ነገር ልንገርህ?... እንዳንተ ያለ ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም። ሌላው ወንድ እዚህ ሲመጣ ሲለፈልፍብኝ ነው የሚውል። ያንተን ለእማዬ እንኳን ነግሬያታለሁ። አሁን ምሳዬን ይዛ እየመጣች ነው... ላስተዋውቅህ?»

ነቀነቅኩ። ምን ልበል!

ወደ በሩ ወጣን። እናትየው ምሳ ዕቃ ይዘው ቆመዋል። አየኋቸው... እህል ተራ ስንዴ የሚነግዱት እትዬ ዘውዴ! የሳቸውን ኩንታል የማወርደው እኔ ነኝ። በገበያ ቀን ሁሉ «አንተ ልጅ፣ ጆሮዬን ልትደፍነው ነው?» የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

«እማዬ፣ ያ ዝምተኛ ያልኩሽ ልጅ ይሄ ነው» አለች ወይንሸት።

እትዬ ዘውዴ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ደግመው እኔን አዩ።

«ይሄ?! ኧረ በማርያም! ጥሩንባው እኮ ነው! ይሄ ዝም ካለማ ገበያውም አይቆም!»

ወይንሸት ፊቷ ልውጥ አለ። «እስካሁን ስታታልለኝ ነው የከረምከው?»

ያኔ የአፌ ልጓም ተበጠሰ። «አላታለልኩሽም! ዳዊት ነው! ቡድንህን አትናገር አለኝ፣ እኔ ደሞ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም፣ ያንቺ ነገር ደሞ ሆዴን ነፋኝ፣ ካጥር ጀርባ ስጮህ በቅሎ አስደንብሬ በዱላ ተባረርኩ፣ ላንቺ ብዬ!...» ለትንፋሽ እንኳን አላቆምኩም። ዘበኛው ሥራውን ትቶ ቆሞ ያዳምጣል።

ወይንሸት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ... ለካ ሳቅ ነው! ግድግዳ ይዛ ነው የምትስቀው።

ስትረጋጋ ጠጋ ብላ «እሺ፣ አንተ እንደሆን ጨርሰሃል። ላስቲኩ ነው የደረሰህ ወይስ መታሸቱ?» አለችኝ።

አፌ ተከፈተ... ግን ከኋላዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻቸውን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች አየሁ። እነሱንም የምትለካቸው እሷ ናት። እኔ በየትኛው እንደዳንኩ ካወቀች የዳዊት ልፋት ገደል ገባ።

አፌን ከደንኩ።

«አልናገርም።»

«ለኔም?»

«በተለይ ላንቺ ነዋ!»

እትዬ ዘውዴ ትክ ብለው አዩኝ። «ተናገር እንጂ፣ ልጄ ጠየቀችህ እኮ» አሉ ሊፈትኑኝ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

«ኡኡቴ!» አሉ እጃቸውን አጨብጭበው። «እህል ተራ ሙሉ ሰው ያቃተውን እኔ የወለድኳት ቻለችው! በል ና ምሳውን አብረን እንብላ።»

ቅዳሜ ደግሞ ቤታቸው ተጠርቻለሁ። ኮሜንት ላይ «የቱ ነበር የደረሰህ?» እያላችሁ እንዳትለፉ... ወይንሸት ታነባለች።