ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ

ሾፌሩን የሥራ ባልደረቦቹ «አባ ዝግታ» ይሉታል። እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ ጠብቆ ነው የሚታጠፈው እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ግን ቅር ብሎት አያውቅም፤ አውቶቡሱ ጭረት የለበትም፣ ተሳፋሪዎቹም እንቅልፋቸውን ለጥጠው ይተኛሉ።

ሥራው ጎብኚ ማመላለስ ነው። ኮረብታው ላይ ወዳለው ምሽግ፣ ሸለቆውን ወደሚሻገረው የጥንት የውሃ ድልድይ፣ ወደቡ ዳር ወዳለው የድንጋይ ቤት። ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሰዎች እነዚህን ሦስቱን ሳያዩ አይመለሱም። እሱ በር ላይ ያወርዳቸዋል፣ መጋረጃውን ይስባል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ ሸለብ ያደርገዋል። ሲመለሱ ይነቃል። ዕድሜው እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን እራት ላይ ሴት ልጁ፣ «አባዬ፣ ለአስተማሪያችን ነገርኳት» አለችው።

«ምኑን?»

«አባቴ ታሪካዊ ቦታዎቹን በሙሉ ያውቃቸዋል ብዬ። ትምህርት ሲከፈት መጥቶ ይንገረን ብላለች።»

ሾፌሩ ሊጎርስ ያነሣውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀረ እጅጌ እየጠቀመች ነበርና መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«እስቲ ንገራት እንጂ» አለችው ሳቋን አፍና። «ምሽጉ ውስጥ ምን አለ?»

«ድንጋይ ነዋ።»

«ድልድዩስ?»

«እሱም ያው ድንጋይ ነው።»

«አየሽ ልጄ፣ አባትሽ ሙሽራ እያደረሰ ደጅ የሚቀር ሰው ነው። የትኛው መኪና ማቆሚያ ጥላ እንዳለው ጠይቂው፣ እሱን አሳምሮ ይነግርሻል!»

ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ነገሩ ግን ሆዱ ገባ። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ ጋራዥ የገባ ሰው ነው። ታሪክ የነገሥታትና የተማሩ ሰዎች ጉዳይ ይመስለው ነበር። በሩ ተዘግቶበት አያውቅም፤ ግባ ያለውም ሰው የለም። የልጁን ፊት ሲያይ ግን «የዓመት ፈቃዴን ስወስድ አብረን እንሄዳለን» አለ።

አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ይህን ሲሰሙ «እኔንስ ለማን ትታችሁኝ ነው?» ብለው ተነሡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተገኙ። ሾፌሩ ተሳፋሪ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም። ኩርባ በመጣ ቁጥር እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። «አርፈህ ተቀመጥ ልጄ፣ ሰውዬው ያውቅበታል» አሉት አማቱ።

ምሽጉ መጀመሪያ ላይ አላስደሰታቸውም። አስጎብኚው የነገሥታት ስም እየደረደረ ከመድፍ ወደ መድፍ ወሰዳቸው። ልጅቷ ማዛጋት ጀመረች። ሾፌሩ «አላልኩም?» ሊል አፉን ሲከፍት፣ አማቱ ጉልበታቸውን ለማሳረፍ ግቢው መሐል ባለው የጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ወዲያው ድንጋዩን በመዳፋቸው መዳበስ ያዙ።

«ኑ እስቲ፣ ንኩት!» ብለው ተጣሩ።

ጠርዙ ዙሪያውን ተቦርቡሯል። ገመድ ሲወጣበት ሲወርድበት፣ ሲወጣበት ሲወርድበት ድንጋዩን በልቶታል። ልጅቷ ጣቷን ብትሰድ እስከ አንጓዋ ገባ።

«ይሄ የንጉሥ እጅ አይደለም» አሉ አያትየው። «ንጉሥ ደግሞ መቼ ውሃ ቀድቶ ያውቃል! የሴቶች እጅ ነው።»

አስጎብኚው ልክ ነዎት አላቸው። ምሽጉ በጠላት ተከቦ በነበረበት ጊዜ ከተማው በሙሉ በዚያ ጉድጓድ ነው የተረፈው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጥያቄዋ አላልቅ አለ። ማን ከበባቸው? ለምን? ምን ይበሉ ነበር? ሕፃናቱስ የት ይጫወቱ ነበር? አስጎብኚው የሚያውቀውን ነገራት፤ የማያውቀውን አላውቅም አላት።

ድልድዩ ላይ ደግሞ የተመሰጠው ሾፌሩ ራሱ ነው። ውሃው በዚህ ድልድይ አናት አልፎ ከተራራው እስከ ከተማው ያለ ምንም ሞተር ይወርድ እንደነበር ሲሰማ ቆም አለ። ተዳፋቱ ዓይን የማይለየው ነው፤ ቢበዛ ውሃው ድንጋዩን ይሸረሽረው ነበር፣ ባይኖር ደግሞ መንገድ ላይ ይቆም ነበር።

«ቀስ ብሎ ይደርሳል ማለት ነው» አለ ለሚስቱ።

«ዘመድህን አገኘህ» አለችው።

የወደቡ ቤት ግን ሳቅ የለበትም። ሰው እንደ ዕቃ ታጉሮ፣ ተሽጦ፣ በመርከብ የተጫነበት ቤት ነው። ልብስ ሰፊዋ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ካሉት ካቴናዎች አንዱ ፊት ቀረች። የሰው አካል ስትለካ የኖረች ሴት ናት፣ ሜትር አላስፈለጋትም። የልጇን እጅ ያዝ አደረገችና «ይሄ የልጅ ነው» አለች።

ልጅቷ ካቴናውን ትኩር ብላ አየችው። «አባዬ፣ የሸጧቸው ሰዎች ልጆች ነበሯቸው?»

«ነበሯቸው።»

«ታዲያ እንዴት?»

«አላውቅም፣ የእኔ ልጅ። ነይ እንጠይቅ።»

የቤቱ አስጎብኚ ሴት ደረጃው ላይ አብራቸው ተቀመጠች። ስለ ትርፉና ስለ ጭካኔው አልደበቀቻትም። ስላመለጡትም፣ እምቢ ብለው መርከብ ላይ ስላመፁትም፣ በውቅያኖሱ ወዲህና ወዲያ ሆነው ንግዱ በሕግ እስኪከለከል ስለታገሉትም ነገረቻት። ሲወጡ ልጅቷ የአባቷንም የእናቷንም እጅ ይዛ ነበር።

ትምህርት ተከፈተ። ሾፌሩ ተማሪዎቹ ፊት ቆመ። «ስለ ነገሥታቱ አስተማሪያችሁ ትነግራችኋለች» ብሎ ጀመረና ስለ ጉድጓዱ ነገራቸው። ስለ ድልድዩ ሲደርስ ግን ማሳየት አማረው፤ አንድ ደብተር አጥፎ አዘንብሎ ከላዩ ውሃ አፈሰሰ። ውሃው በዝግታ ወርዶ በቀጥታ የአስተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አስተማሪዋም እየሳቀች ወረቀቷን አነሣች። ስለ ትንሿ ካቴና ሲነግራቸው ግን ማንም አልሳቀም። ልጁ ከኋላ ወንበር ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታየዋለች።

ዛሬ አባ ዝግታ ጎብኚዎቹን አውርዶ አይተኛም። አውቶቡሱን ይቆልፍና ተከትሏቸው ይገባል፤ ሁልጊዜ ያላየው ነገር ያገኛል።

ቀጣዩን ጉዞ የመረጡት አማቱ ናቸው። ድንበር ተሻግረን የጎረቤት አገሩን ትልቅ ግንብ እንይ አሉ። ዘንድሮ ለፓስፖርት ፎቶ ሊነሡ አራቱም ተሰልፈው ሳለ ፎቶ አንሺው አማቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነሣቸው።

«እማማ፣ እባክዎ አይሳቁ። አይፈቀድም።»

«እንዴ! በዚህ ዕድሜዬ ዓለምን ለማየት ስነሣ አልሳቅ?» አሉትና ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።